የተረከዟ ቀለም

«ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» ብላ ሲስተሯ ስትጠይቀኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ሳላየው ቀርቼ አይደለም፤ ከነጋ ጀምሮ ከእሱ ሌላ ያየሁት ነገር አልነበረም። ግን የሰው ሥጋ ቀለም ምን ይባላል? ቀይ እንዳልል ቀይ አይደለም። ጥቁር እንዳልል ጥቁር አይደለም። የልጄ ገላ የልጄን ገላ ነው የሚመስለው፤ ሃያ አራት ዓመት ሳሳድጋት ቀለሟን ንገሪኝ ያለኝ ሰው የለም። ሲስተሯ በእስክሪብቶዋ ወረቀቱን እየጠቆመች፣ «ማዘር፣ ይሄ በየሰዓቱ ይሞላል። ቀለሙ፣ ሙቀቱ፣ በጣት ሲጫኑት ደሙ የሚመለስበት ፍጥነት። ለሠላሳ ሁለት አልጋ ያለሁት እኔ አንዷ ነኝ፤ አስታማሚ ካልሞላው የሚሞላው የለም። መጻፍ የሚችል ሰው አብሯችሁ የለም?» አለች። እኔ እችላለሁ ልል አፌን ስከፍት ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

ባሌ ጉሮሮውን ከጠረገ ቤታችን ውስጥ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የዕቃ መጋዘን መዝገብ ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሽ መዝገብ» ነበር የሚሉት። ጡረታ ከወጣ ወዲህም ደረት ኪሱ ውስጥ አጭር ማስመሪያ አይጠፋም። እኔ ደግሞ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምንማረው ጠዋት ጠዋት ሕፃናት በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ስለሆነ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም፤ እግሬን ወደ መተላለፊያው አውጥቼ ነው የምጽፈው። ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ግን አንድ መስመር ጽፌ እስክጨርስ ምጣድ ላይ ያለው እንጀራ ያርራል እያለ ባሌ ይቀልድብኛል። ስለዚህ ሲስተሯ የአስታማሚውን ካርድ ስታወጣ ወደ እኔ አልዘረጋችውም። ካርዱ በገመድ የተንጠለጠለ ፕላስቲክ ነው፤ ለአንድ አልጋ አንድ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ካርድ ያለው ብቻ ነው ወረቀት የሚሞላው፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላም የሚያድረው። ባሌ አንገቱን ዝቅ አድርጎ አጠለቀው፤ ቀና ሲል ሜዳሊያ የተሸለመ ነው የሚመስለው።

ልጄ በሆዷ ተኝታለች። እንዲህ ሆና ከተኛች ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ቀዶ ጥገናው የተሠራው ከኋላ ስለሆነ እግሯ ፍራሹን እንዳይነካ ትራስ ላይ ተሰቅሏል፣ ፊቷ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ጉንጯ ትራሱ ውስጥ ገብቷል። ፀጉር ሠሪ ናት። ሞተር ሳይክል ላይ ወደ ጎን ተቀምጣ ከቤታችን ደጅ ስትነሳ ተረከዟ ጎማው ውስጥ ገባ፤ ከቁርጭምጭሚቷ በስተኋላ ያለው ቆዳና ሥጋ ተገፎ ጅማቷ እንደ ነጭ ገመድ ወጣ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ቁስሉን ብናሳጥብም አልዘጋ አለ። ሐኪሙ ሲያስረዳን፣ «ራቁቱን በቀረ ጅማት ላይ ቆዳ አይበቅልም፤ ጅማቱ ከደረቀ ደግሞ ይበሰብሳል፣ ያን ጊዜ ተረከዟን አንስታ መራመድ አትችልም» አለን። ከዚያ ከዚያው እግሯ ባት ላይ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ከነሥጋው ቆርጠው፣ የደም ሥሩን እንደ ግንድ ሳይበጥሱ፣ ወደ ታች ገልብጠው ተረከዟ ላይ ሰፉት። ባቷ ላይ የቀረውን ጉድጓድ ከጭኗ በተላጠ ስስ ቆዳ ሸፈኑት። የሰማነውን ስንነግራት የጎን አልጋዋ ልብስ ሰፊ፣ «እንዴ! ከላይኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤት የወረደ ተከራይ በሉት!» ብላ ክፍሉን ሁሉ አሳቀችው። ከዚያ ወዲያ ያንን ሥጋ «እንግዳው» ነው የምንለው። እንግዳው እንዴት አደረ? እንግዳው ሞቆታል? እንዲህ እንባባላለን። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። «ሦስት ቀን ከቆየ ይኖራል» ነው ያለው። «ከሞተ ግን ከዚህ እግር ሌላ የሚወሰድ ሥጋ የለም። ጅማቱም አብሮ ይሄዳል።»

በሦስት ሰዓት ሙቅ ውኃ ልቀዳ ምድር ቤት ወረድኩ። ወረፋ ነበር። ተመልሼ ስመጣ ባሌ እግሩን አነባብሮ ጋዜጣ እያነበበ ነው። ወረቀቱ አልጋው ግርጌ ተሰቅሏል። ቀረብ ብዬ አየሁት፤ የባሌ ጽሕፈት ነው፣ እንደ ማተሚያ ቤት ጽሕፈት የጠራ። ሦስት ሰዓት፤ ጥሩ፣ ሞቃት፣ ወዲያው። አራት ሰዓት፤ ጥሩ፣ ሞቃት፣ ወዲያው። አምስት ሰዓት። ስድስት ሰዓት። ጣቴን እያስከተልኩ ወረድኩ፤ እኔ ቀስ ብዬ ስለማነብ ገና ያልደረሰ ሰዓት መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ተሞልቷል። የመጨረሻው መስመር ሥር በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ተሰምሮ ተፈርሞበታል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ሥራ ቀድሞ ሲያልቅ ሰው አይዋከብም» አለኝ ጋዜጣውን ሳያወርድ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

«ለቃሚዋ መዝገብ ስላልነበራት ነው።»

ከእሱ ጋር መከራከር ልማዴ አይደለም። ውኃውን አስቀምጬ ከልጄ ጎን ቆምኩ። እሷ ስልኳን ትራሱ ላይ አጋድማ ከደንበኛ ጋር ታወራለች፤ ሥራ ከፈታች ወዲህ ደንበኞቿን ለጓደኛዋ እያከፋፈለች ነው፣ ግን ምክሩን ለሌላ አትሰጥም። «አይ እህቴ፣ አንቺ ላይ አራት ቁጥር ነው የሚያምረው። ስድስትማ ፊትሽን ያገረጣዋል። ለሽበቱ ስትይ እንዳትሸወጂ፣ ሥሩን መጀመሪያ ታስቀቢዋለሽ…» ድምጿ ከትራስ ውስጥ ስለሚወጣ ጉድጓድ ውስጥ ያለች ነው የሚመስለው። ስልኩን ስትዘጋ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እማ፣ እንግዳው እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው የኔ ልጅ።»

«ደህና ማለት ምን ማለት ነው? ቀለሙን ንገሪኝ።»

«ቀለሙማ… ያው የራስሽ ነው።»

«እማ! አንዲት ደንበኛ መጥታ ‹ያው የራሴን› ብትለኝ ምኑን እቀባታለሁ? ቀለበቷ ቦርሳዬ ውስጥ አለች። አውጪያትና ለኪው።»

ቀለበቷ የቀለም መምረጫዋ ናት። ትንንሽ የፀጉር ጉንጉኖች በአንድ ብረት ቀለበት ላይ ተሰክተው ከእያንዳንዱ ሥር ቁጥር ተለጥፏል። ቁጥሮቹን ከፊደል በፊት ነው ያወቅኋቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቋ ሄጄ ፎጣ ሳጥብ የቀለም ካርቶኖቹን በየቁጥራቸው የምደረድርላት እኔ ነኝ። አንድ ጥቁር ነው። ሦስት ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው ቡኒ ነው። አራት ቡኒ፣ አምስት ፈካ ያለ ቡኒ። ነጥብ ካለው ደግሞ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ሌላ ነገር ይጨምርበታል፤ ነጥብ ስድስት ቀይ፣ ነጥብ ሁለት ሐምራዊ። እጄን ታጥቤ ጨርቁን ገለጥኩና ጉንጉኖቹን ከተረከዟ አንድ ስንዝር አርቄ እያፈራረቅኩ ያዝኳቸው። አምስት ነበር፤ ቁርጥ አምስት። እኔ ያላገኘሁትን ስም ፋብሪካው ቀድሞ አውጥቶለታል። የትምህርት ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁና ከተመለሰው የቤት ሥራዬ ሥር ጻፍኩ፤ «3 ሰዓት። 5።» ጣቴን ሥጋው ላይ ጫን አድርጌ ሳነሳ ነጣ፣ ሁለት እስክቆጥር ተመለሰ። እሱንም ጻፍኩት፤ «2 ቆጠርኩ።»

በአራት ሰዓት አሁንም አምስት ነበር። በአምስት ሰዓት ጉንጉኑ አልገጥም አለኝ። መጀመሪያ ብርሃኑ ነው ብዬ መጋረጃውን ገፋሁት። ከመስኮቱ ማዶ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ እንጂ ፀሐይ የለም፤ ቢሆንም ይለያል። ቀለበቷን አዞርኩ፤ አምስት ነጥብ ስድስት ላይ ቆመ። ጣቴን ስጫን ደግሞ ደሙ አንድ ሳልል ነው የተመለሰው። ፍጥነቱ ደስ ሊለኝ ይገባ ይሆን አይገባ አላወቅሁም። ልጄ፣ «ስንት ነው?» አለችኝ። «አምስት» አልኳት። ለልጄ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ትልቁ ይሄ ነው። ደብተሬ ላይ ግን ነጥቡንም ጻፍኩት።

ልብስ ሰፊዋ ይሄን ሁሉ ከአልጋዋ ታያለች። የተቃጠለ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ተሰቅሏል፤ የማይሠራ እጅ ያለው ባለሙያ ደግሞ ዓይኑ ሁለት እጥፍ ነው የሚሠራው። አንገቷን አስግጋ፣ «እህቴ፣ ልንገርሽ? ስፌቱ ጠብቋል» አለችኝ። «እዚያ ጥጉ ጋ እይው፣ ተሸብሽቧል። ትናንት ሲሰፉት ልክ ሳይሆን አልቀረም፤ ግን እግሯ ሲያብጥ ክሩ አያብጥም። ጨርቅ ቢሆን አራት አምስት ክር ፈታ አደርግልሽ ነበር።»

«ሥጋ ነው እኮ እናቴ» አላት ባሌ ከጋዜጣው ጀርባ።

«ታዲያ ሥጋ ልብስ አይደለም እንዴ? ለአጥንት» አለች።

በስድስት ሰዓት የባሌ እህት መጣች። መጋረጃ ነጋዴ ናት፤ «እትዬ መጋረጃ» ነው የምንላት። በአራት መደብ የተደራረበ የምሳ ዕቃ፣ ብርቱካን፣ አንድ ትልቅ ጭማቂ ይዛለች፤ ብርቱካኑን በር ላይ ካሉት ሻጮች በሦስት እጥፍ ዋጋ እንደገዛችው ሳትቀመጥ ነገረችን። እኔ ያን ጊዜ ተረከዙ ላይ አጎንብሼ ጉንጉን ይዣለሁ። ስታየኝ የምሳ ዕቃው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «ኧረ ጉድ! ፀጉር ቁስል ላይ? ሰው እንዳይሰማ! ወንድሜ፣ ይቺ ሴትዮ ጠንቋይ ቤት ነው እንዴ የምትማረው?» ባሌ ሳቅ አለ። ልጄም ትራሱ ውስጥ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ያየሁት አራት ነጥብ ስድስት ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ደረጃ ጠቁሯል። ባሌ ምሳውን ሊበላ ከእህቱ ጋር ወደ ግቢው ወጣ፤ ካርዱም አንገቱ ላይ እንዳለ አብሮ ወጣ። እኔ ሲስተሯን ፍለጋ ሄድኩ።

ሲስተሯ መጣች። አትፍረዱባት፤ በአንድ እጇ የሌላ ሰው መርፌ፣ በሌላው የሌላ ሰው ሽንት ይዛ ነበር። ሁለቱንም አስቀምጣ እጇን ታጠበችና መጀመሪያ ያነሳችው ወረቀቱን ነው።

«ጥሩ ይላል» አለች።

«ወረቀቱ ነው እንጂ እግሯ አላለም።»

«የሰባት ሰዓቱም ጥሩ ነው። የስምንቱም። የዘጠኙም…» ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ፈካ። «በጣም ቀድማችኋል» አለች። «የጠዋቱን እንኳ ያልሞላ አልጋ አለ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ተረከዙን አየች። «ጠቆር ብሏል» አለች።

«ታዲያ ሐኪሙን ጥሪልኝ።»

«ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ላይ ነው። ከዚያ የሚጠራው ወረቀቱ ላይ ‹ተለወጠ› የሚል ካለ ነው፤ አለበለዚያ በየደቂቃው ይጠራል። እዚህ ላይ ደግሞ የምጽፍበት ባዶ መስመር የለም። አዲስ ወረቀት ልስጥሽ ብል ካርድ ላለው ነው የምሰጠው። ካርዱን አምጪልኝ፣ አሁኑኑ እጽፋለሁ።» ከወዲያ አልጋ ሰው ተጣራና ሄደች። ክፋት አልነበራትም። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታው ላይ ነበር፤ የእኔ ልጅ ሥጋ ብቻ ነው ቦታ ያጣው።

ግቢ ወረድኩ። ባሌና እህቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ካርዱን ስጠኝ አልኩት። ለምን አለ። ቀለሙ እየጠቆረ ነው፣ ወረቀቱ ይለወጥ አልኩት። ብርቱካኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «ለአንድ አልጋ ሁለት ወረቀት? በመጋዘን ቋንቋ እሱ ሌብነት ነው። ነገ መርማሪ ቢመጣ የቱን ያምናል?» እህቱም ቀበል አድርጋ፣ «አንቺ ደግሞ ነገር አታግንኚ። የተማረ ሰው ጥሩ ነው ብሎ ጽፎ ፈርሞበታል። ሁለት ዓመት ፊደል ቆጠርሽና አንቺ ልታርሚው ነው?» አለች። እኔ ግን የማየው እሷን አልነበረም። የማየው ባሌን ነው። ባሌ የሚያየው ደግሞ የብርቱካኑን ልጣጭ ነው። ስድስት ሳምንት ቁስሉ ሲታጠብ እሱ ሁልጊዜ ወጥቶ መድኃኒት ሊገዛ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ፋርማሲው ከበሩ ፊት ለፊት እያለ አንድ ሰዓት ነበር የሚቆየው። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው የተቀመጠው።

«አይተኸዋል?» አልኩት።

«ምኑን?»

«እንግዳውን። አንድ ጊዜ ጨርቁን ገልጠህ አይተኸዋል?»

አንገቱ ላይ ያለውን ካርድ በመዳፉ ሸፈነው። አንድ ብርቱካን ተንከባሎ ከወንበሩ ሥር ገባ፤ ማንም አላነሳውም።

ስመለስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሦስት ነጥብ ሁለት። ጉንጉኑን ሁለት ጊዜ ለካሁት፣ ሦስተኛ ጊዜ ለልብስ ሰፊዋ አሳየኋት። «ሐምራዊ ገብቶበታል» አለች፤ ቀልዷ ጠፋ። ልጄ ስልኳን ዘግታለች። «እማ፣ አትዋሺኝ» አለችኝ። «ሦስት ነጥብ ሁለት» አልኳት። «እሱን ቀለም ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች። ደብተሬን አንስቼ ሮጥኩ።

የቀዶ ጥገናው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መሬቱ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ መስመሩ ጋ ዘበኛ ተቀምጧል።

«ካርድ?» አለኝ።

«የለኝም።»

«ካርድ ከሌለዎት አስታማሚ አይደሉም። አስታማሚ ካልሆኑ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እናት ነኝ።»

አሰበበት። «እናት የሚል ካርድ የለንም» አለኝ፤ ከልቡ አዝኖ ነበር። መስመሩን ማለፍ አልችልም ግን መስመሩ ላይ መቆም የሚከለክል ትእዛዝ አልነበረውም። ጫማዬን ጫፉ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ደብተሬን ከፍቼ የጻፍኩትን ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። ክፍል ውስጥ ሲያስነሱኝ የማነበው እንደዚያ ነው፤ ቃሉን እየለየሁ፣ ጣቴን እያስከተልኩ። «ሦስት ሰዓት። አምስት። ሁለት ቆጠርኩ። አራት ሰዓት። አምስት። ሁለት ቆጠርኩ። አምስት ሰዓት። አምስት ነጥብ ስድስት። አንድ ሳልል ተመለሰ…» ስጨርስ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። ዘበኛው መጀመሪያ ሊያስቆመኝ ተነሳ፣ በሁለተኛው ዙር ተቀመጠ፣ በሦስተኛው ዙር ተሳስቼ ስዘል «አራት ሰዓትን ዘለሉት» ብሎ አረመኝ። በአራተኛው ዙር በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ ወጣ። ከኋላው ሻይ የያዘች የማደንዘዣ ባለሙያዋ ነበረች።

ደብተሩን ሰጠሁት። የመጀመሪያው መስመር የቤት ሥራዬ ነው፤ «ውኃ ለጤና» ይላል፣ መምህሬ በቀይ ምልክት አድርጎበታል። ሐኪሙ ወደ ታች ሄደ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ምንድነው ይሄ? የሎተሪ ቁጥር ነው?»

«የተረከዟ ቀለም ነው፣ ዶክተር። በፀጉር ቀለም ቁጥር ነው የጻፍኩት፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።»

እሱ ገና ሊናገር አፉን ሲከፍት የማደንዘዣ ባለሙያዋ ሻይዋን ዘበኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና በትከሻው ላይ አጎንብሳ አነበበች። ከቆቧ ጎን አንድ ጭራ ቀለም የተቀባ ፀጉር ሾልኮ ወጥቷል፤ እኔ ቁጥሯን ወዲያው አወቅሁት፣ አምስት ነጥብ ስድስት ናት። «ከአምስት ተነስቶ ሦስት ነጥብ ሁለት?» አለች። «አንተ! ይሄማ በአራት ሰዓት ውስጥ ወይን ጠጅ ሆኗል ማለት ነው! ሂድ!» ሐኪሙ ግን ሳትጨርስ መንገድ ጀምሯል። ቀዩን መስመር ከእነ ቀዶ ጥገና ጫማው ተሻግሮ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። እኔም ተከተልኩት፤ ዘበኛው ደብተሬን ይዞ ከኋላዬ ሮጠ።

አልጋው ጋ ሲደርስ ወረቀቱን አላየም። እጁን ታጠበ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ ጣቱን ጫን አድርጎ አነሳ፣ በመርፌ ጫፍ ወጋ አደረገው። የወጣው ደም ጠቁሮ ነበር። «ደሙ ይገባል ግን መውጫ አጥቷል» አለ፤ ከማን ጋር እንደሚያወራ አላውቅም። «አብጦ ስፌቱ አንቆታል።» መቀስ ጠየቀ። ፋሻውን ቀደደው፣ ከዚያ ክሮቹን መፍታት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ይዛ ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ጥቁሩ ደም ጋዙ ላይ ተንጠባጠበ። ልጄ እጄን ይዛ አጥንቴ እስኪያመኝ ጨመቀችኝ። እግሯን በሁለት ትራስ ከፍ አደረጉት። ቆምን። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አሁን ስንት ሆነ?» አለኝ። ቀለበቷን አዞርኩ። «አራት ነጥብ ስድስት።» ራሱን ነቀነቀ። «አምስት እስኪገባ በየሩብ ሰዓቱ ይለካ። ሦስት ከሆነ ከየትም ብሆን ጥሩኝ።» ሲስተሯ አዲስ ወረቀት አውጥታ ከላይ «በፀጉር ቀለም ቁጥር» ብላ ጻፈችበት፤ ከዚያ ቆም አለችና፣ «ነጥቡ በየትኛው ሳጥን ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ባሌና እህቱ ከግቢ የተመለሱት ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ የድሮውን ወረቀት ከአልጋው ግርጌ አንስቶ ያነባል። «ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። ጥሩ፣ ሞቃት፣ ወዲያው» አለና የግድግዳውን ሰዓት አየ። ስምንት ሰዓት አልሞላም። «ይሄን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባሌ። እጁን ከጎኑ አድርጎ ቆመ።

«ጥሩ ሆና እንደምታመሽ ካወቁ እኔ ከሥራዬ ተነስቼ ምን ላደርግ መጣሁ?»

ማንም አልሳቀም። ባሌ፣ «ቅጹ ክፍት እንዳይቀር ብዬ ነው» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። ሐኪሙ ደብተሩን የጻፈችው ሴትዮ ካርዱን ትያዝ ብሎ ወጣ። ባሌ ካርዱን ሊያወልቅ ሲል ገመዱ መነጽሩ ላይ ተጠመጠመ። ቀርቤ ፈታሁለት። ፊታችን እንደዚያ ከተቀራረበ ስንት ዓመት እንደሆነው አላውቅም። በጆሮዬ፣ «ከጎማው ውስጥ ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለኝ። «ጅማቷን ያን ቀን አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን እዚያ ማድረግ አልቻልኩም። ‹ጥሩ› ብዬ ስጽፈው ግን ጥሩ ይመስለኛል።» ካርዱን አንገቴ ላይ እስካጠልቅ ድረስ እሱ ወደ መስኮቱ ተመልሶ ነበር።

በአሥር ሰዓት አምስት ገባ። ልብስ ሰፊዋ በደህና እጇ አልጋዋን መታችው፤ ከወዲያ አልጋ ያሉት ሳይቀሩ «አምስት ገባ! አምስት ገባ!» ተባባሉ። ምን እንደሆነ የማያውቁ ጠያቂዎች ኳስ መስሏቸው ማን አገባ ብለው ጠየቁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዘበኛው እየዞረ ካርድ የሌለው ይውጣ ማለት ጀመረ። ባሌ ኮቱን ለበሰ። አልጋው ራስጌ መጥቶ ቆመና ልጁን፣ «ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አላት። ፊቷን ወደ እሱ ማዞር አትችልም። አልተቆጣችም፤ ለደንበኛ ቀጠሮ እንደምትሰጥ ነበር ድምጿ። «ማየት የምትችል ቀን ና፣ አባ» አለችው።

እትዬ መጋረጃ የምሳ ዕቃዋን ሰብስባ ወንድሟን ክንዱን ይዛ ወጣች። በሚቀጥሉት ቀናት ከእንግዳው ጠርዝ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ጠቁራ ወደቀች፣ የቀረው ያዘ። ልብስ ሰፊዋ በአራተኛው ቀን ወጣች። ባሌ ማየት የሚችልበት ቀን አልመጣም፤ እኛ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ቤት ስንገባ ልብሶቹ አልነበሩም፤ እህቱ ቤት ገብቷል። ልጄ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጋ ሥራ ከጀመረች ወራት ሆኗታል፤ በየማታው ይደውልላታል፣ ስለ ገበያውም ስለ ዝናቡም ይጠይቃታል፣ ስለ እግሯ አይጠይቃትም። እሱ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። እኛ ሁለታችን ቤታችን ነን።